በወንድሜ ልክ የተበጀ ጠመንጃ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከልብሱ ልጀምር።

ወንድሜ የሞተው በረዶ በሚጥልበት ወራት ነው። የትልቅ ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ተራራውን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ መንገዱ በረዶ ሠርቶ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። እዚህ አሜሪካ፣ ቢከን ሂል ያለው ቤታችን በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ ሰነበተ። ከሾርላይንም ከታኮማም ሰው መጣ፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰና እኔና እናቴ ቀረን።

እናቴ ልብሱን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ለሚያስፈልገው ሰጠች። ጃኬቶቹን፣ ጫማዎቹን፣ የሥራ ጓንቱን ሳይቀር። የሟች ዕቃ ሲሰጥ ለእሱ ሰደቃ ይሆንለታል፣ ቤት ሲቀመጥ ግን ለማንም አይሆንም አለችኝ። አልተከራከርኳትም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እሱም በእሷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በተቆለፈ ረጅም ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነበር። የውድድር ጠመንጃው።

«ያንንስ?» አለችኝ አንድ ቀን።

ለእኔ ተይልኝ አልኳት።

«የምትጠቀምበት ከሆነ ያንተ ነው» አለች። «አቅፈህ የምታለቅስበት ከሆነ ግን ይሰጥ። ቤቴን መቃብር አላደርገውም።»

ከወንድሜ ጋር አብረው የሚተኩሱ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ባሕሩን በምታሻግረው መርከብ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ለቅሶ ሲመጡ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አውልቀው ከወንዶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ለመነሳት ሁለት ሰው ረዳቸው። እናቴ ለዚህ ትወዳቸዋለች። እናቴና እሳቸው በእኔ አስተርጓሚነት ተነጋገሩ። ሰመሩ፣ የሙቀቱ ወራት፣ ሲያልቅ አንድ ውድድር አለ። እስከዚያ እኔ ተኳሽ ከሆንኩ ጠመንጃው የእኔ ነው። ካልሆንኩ ሽማግሌው የዚያኑ ዕለት ወስደው ለተኳሾች ክለባቸው ጀማሪዎች ይሰጡታል። በዚህ ተስማሙ። እኔም ይህን ሁሉ ከወዲያ ወዲህ እየተረጎምኩ ተስማማሁ።

ወንድሜ ኢላማ መምታት የጀመረው አብሮት የሚሠራ ሹፌር ይዞት ሄዶ ነው። ከታኮማ አልፎ፣ ጫካ መሃል የተጠረገ ረጅም ሜዳ አለ። በአንዱ ጫፍ ሰዎች በሆዳቸው ተኝተው ይተኩሳሉ። በሌላው ጫፍ፣ ስድስት የኳስ ሜዳ ያህል ርቆ፣ ከአፈር ክምር በላይ የወረቀት ኢላማ ይቆማል። በመሃል ባንዲራዎች ተተክለዋል። ዋናው ሥራ መተኮሱ ሳይሆን ባንዲራዎቹን ማየት ነው ይል ነበር ወንድሜ። ነፋሱ እዚህ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ወደ ግራ ይነፍሳል፤ ጥይቱ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል።

እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ ደነገጠች። እሷ ጠመንጃ የምታውቀው ሰው ሲያሳድድ ነው።

«እማ፣ ወረቀት እኮ ነው የምንመታው» አላት።

«ወረቀቱ ምን አደረጋችሁ?»

ሳቀ። እሷም ሳትወድ ሳቀች።

ቤት ውስጥ ያለ ጥይት ይለማመድ ነበር። ግድግዳው ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይለጥፍና ሳሎን ወለል ላይ በሆዱ ይተኛል። እናቴ በሆድ መተኛት አትወድም። ልጆች ሆነን በሆዳችን ተኝተን ካገኘችን አላህ አይወደውም ብላ ትገለብጠን ነበር። አሁን ደግሞ ሠላሳ ሊሞላው የደረሰ ሰውዬ ሳሎኗ መሃል ተዘርግቷል። የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስታልፍ ማለፊያ ታጣለች።

«እንዳትራመጂኝ፣ እቀጭጫለሁ» ይላታል ዓይኑን ከማነጣጠሪያው ሳያነሳ።

«ከዚህ በላይ የት ልትደርስ?» ብላው ተራምዳው ታልፋለች።

እሷ እውነቷን ነው። በአባታችን ወጥቶ መለሎ ነበር። አንገቱም ረጅም። እኔ በእሷ ወጥቼ አጭር ነኝ።

እኔን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወሰደኝ። እንድተኩስ አይደለም። «መጀመሪያ ወረቀት ጎታች ትሆናለህ፣ ጩጬ» አለኝ። እዚያ ሕጉ እንዲህ ነው። ግማሹ ሰው ሲተኩስ ግማሹ ከአፈሩ ክምር ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ቆሞ ወረቀት ያወርዳል፣ ያወጣል። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጥይት ከራስህ በላይ ሲያልፍ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ወረቀቱን ትስበዋለህ፣ ቀዳዳውን ትፈልጋለህ፣ ቀዳዳው ላይ ክብ ምልክት ትሰካና መልሰህ ከፍ ታደርገዋለህ። ተኳሹ በቴሌስኮፕ አይቶ የት እንደመታ ያውቃል። የዚያን ቀን የወንድሜን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አላየውም፤ አያየኝም። ግን ምልክቱን ሰክቼ ወረቀቱን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር አሁን እያየው ነው እላለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ያመሰግነኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ቀዳዳ እስክታገኝ እኔ ምሳ በልቼ በተመለስኩ አለኝ። ሲሞቅ ደግሞ መተኮስ አስተምርሃለሁ አለ።

ሞቀ። ያስተማሩኝ ግን ሽማግሌው ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ፒክአፓቸው ይመጣሉ። በር ላይ ፓርክ አድርገው አንዴ ብቻ ጥሩምባ ይነፋሉ። መንገድ ላይ ብዙ አያወሩም። ሜዳው ላይ ግን ሁሉን በትዕግሥት ያሳዩኛል። የጠመንጃው ማንገቻ ክንድ ላይ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ያለችው ትንሽ ጸጥታ፣ ቃታ እንደማይሳብ፣ ቀስ እያለ እንደሚጫን። ፀሐይ ስትበረታ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት በቴሌስኮፕ ሲታይ እንደ ጅረት ይፈስሳል። እሱም ነፋሱን ይናገራል። ሽማግሌው ይህን ባሕር ላይ የለመዱት ይመስለኛል፤ ገና ባንዲራው ሳይዞር ነፋሱ ሊዞር ነው ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን አላስነካኋቸውም።

የዚህ ዓይነት ጠመንጃ በሰው ልክ የሚበጅ ነው። ሰደፉ ላይ ሁለት ቦታ ብሎን አለ። አንደኛው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ሌላው ጉንጭ የሚያርፍበትን እንጨት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ወንድሜ ልኩን ለማግኘት ወራት ፈጅቶበታል። ትንሽ ያዞራል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ትንሽ ያዞራል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ያሳርፍና ሲገልጥ ማነጣጠሪያው ዓይኑ ላይ ነው። «አየህ፣ እኔ አልፈለግሁትም። ራሱ መጣ» ይለኝ ነበር።

እኔ ስተኛበት ምንም አልመጣም። ሰደፉ ረዘመብኝ፣ የጉንጩ እንጨት ከፍ አለብኝ። ዓይኔ ማነጣጠሪያው ጋ እንዲደርስ አንገቴን እንደ ዔሊ አወጣለሁ። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ቀን አይተውኝ ትንሿን መፍቻ ከኪሳቸው አወጡ። ኖ፣ ይመቸኛል አልኳቸው።

እንዴት ላስረዳ። ልብሱ ተሰጥቷል። ስልኩ ተዘግቷል። አልጋው ወጥቷል። እዚያ ብሎን ላይ ግን የአንገቱ ርዝመት አለ። እንጨቱ ጉንጩ ያረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠቁሯል። ጉንጬን እዚያ ሳሳርፍ፣ አልመች ቢለኝም፣ እዚህ ነበር እላለሁ። መፍቻው አንዴ ከዞረ ይህ የለም። እሱን ራሱን በእጄ የምፈታው መሰለኝ።

ሽማግሌው አልተጫኑኝም። መፍቻውን ኪሳቸው ከተው እሺ አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዛሬስ ብለው ጠየቁኝ። ዛሬም አይደለም አልኳቸው። እንዲህ ስንል ሰመሩ ሄደ።

ጥይቶቼ ይበተናሉ። አንዱ ጥሩ ይሆንና ቀጣዩ ጠርዝ ይበላል። ቶሎ ስለሚደክመኝ ዓይኔ ያለቅሳል፤ ያን ጊዜ የሚያለቅሰው ዓይኔ ብቻ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሥራዬ ኤርፖርት ሻንጣ መጫን ነው፤ ሰኞ ሰኞ አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ከነትከሻዬ እዞራለሁ። እናቴ ማታ ቅባት ታሽልኛለች። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ሻንጣ ነው እላታለሁ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። እናቴ እኔም እሄዳለሁ አለች። ስትጠቀምበት በዓይኔ ልየው፣ የሰው ወሬ አልሰማም አለች። ከሱብሂ ሶላት ጀምራ ሳምቡሳ ስትጠብስ ቆየች። ውድድር ነው እንጂ ሠርግ አይደለም ብላት፣ ባዶ እጁን ሰው ቤት የሚሄድ ማን ነው አለችኝ። ፒክአፑ ውስጥ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ ረጅሙን ሳጥንና ትሪውን ይዤ።

ሜዳው ላይ ሽማግሌው ታጣፊ ወንበር አመጡላት። የጆሮ መከላከያውንም ከሻሿ በላይ በእጃቸው አጠለቁላት። ቴሌስኮፑን አስተካክለው የእኔን ወረቀት አሳዩዋት። እያንዳንዱ ተኳሽ ቁጥር ያለበት የራሱ ወረቀት አለው። ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ ከጎኔ ተኛች። በፈገግታ ሰላም አለችኝ።

የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ። አንገቴን አውጥቼ ተኮስኩ። ወረቀቱ ወረደ፣ ወጣ፣ ጠርዝ ላይ ነበርኩ። ደግሜ ተኮስኩ። በሌላ በኩል ወጣ። አንገቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ራሴን አንስቼ አሳረፍኩና መልሼ ተኛሁ። ማነጣጠሪያው ውስጥ ጥቁሩን ክብ ለማግኘት ታገልኩ፣ አገኘሁት። ነፋሱ ጸጥ አለ። እንደዚያ ንጹሕ አድርጌ ተኩሼ አላውቅም። ሲወጣ ዐወቅሁት። መሃል ነው አልኩ።

የእኔ ወረቀት አልወረደም። ከጎን ያለው ወረደ።

ሴትዮዋ ራሷን ከጠመንጃዋ አነሳች። እኔ አልተኮስኩም አለች። ወረቀቷ ሲወጣ ምልክቱ መሃል ላይ ነበር። ወደ እኔ ዞራ፣ የኔ ማር፣ ዛሬ ወረቀቴ ላይ ካረፈው ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ አመሰግናለሁ አለችኝ። በዚህ ስፖርት ይህ ይደርሳል። ከኢላማ ዓይንህን ስታነሳና ስትመልስ ቁጥሩን ካላየህ የሰው ኢላማ ትመታለህ። ለእኔ ግን ዜሮ ይያዛል።

ዙሩ አለቀ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ታይቶ ወደ ኋላ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰድኩት። እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሴትዮዋን መታሁ አልኳት።

«የሰው ወረቀት?»

«አዎ፣ እማ።»

ከወንበሯ ተነሳች። ትሪውን አነሳች። ቀጥታ ሴትዮዋ ጋ ሄዳ በአንድ እጇ የሴትዮዋን እጅ ይዛ፣ ሶሪ፣ ሶሪ፣ ማይ ሰን እያለች ሳምቡሳ አቀረበችላት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ተጎጂው እሱ ነው ልትላት ሞከረች፤ እናቴ አልሰማቻትም፤ እስክትጎርስ ድረስ እጇን አልለቀቀችም። ሴትዮዋ ጎረሰች። ከዚያ ሁለተኛ አነሳች። በአጭር ጊዜ ውስጥ ተኳሹ ሁሉ ትሪው ዙሪያ ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ መሃል መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሽማግሌው አልበሉም። እኔ ጋ ቆመው በዝግታ ተናገሩ። እናቴ ተመልሳ መጣችና እሳቸውንም እኔንም አየች።

«ምንድን ነው የሚሉት?»

ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ሁልጊዜ የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ ሆስፒታልም ባንክም። ነፋሱ ከባድ ነው ይላሉ ብላት ታምነኝ ነበር። ሽማግሌው አያውቁም፣ እሷም አታውቅም።

«ጠመንጃው በእሱ ልክ ነው ይላሉ» አልኳት። «ለእኔ አይሆንም ይላሉ። ብሎን አለው፣ ይስተካከላል። እኔ ነኝ አላስነካም ያልኩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«አንገትህም ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

እናቴ ጠመንጃውን አየችው። ከዚያን ቀን በፊት ነክታው አታውቅም። ጣቷን ጉንጭ በሚያርፍበት እንጨት ላይ፣ የጠቆረው ቦታ ላይ፣ አሳረፈችው። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ግን የነገርኳት ያህል ጣቷን እዚያው አቆየችው።

«ስንት ዓመት የእሱን ሱሪ አሳጥሬ አለበስኩህ» አለች። «ሲያድግ ለአንተ ይወርዳል። ከታች እቆርጣለሁ፣ ወገቡን አጠባለሁ። አንድ ቀን አልቅሰህብኛል? እሱስ ተከፍቶ ያውቃል? በአዲሱ ሱሪው ይኮራል፣ አንተ በአሮጌው ትኮራለህ።» አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «ረዝሞብህ እየጎተትከው ብትሄድ ነበር የሚስቅብህ። አብሽር፣ አይዞህ የኔ ልጅ። ፍታው።»

ለሽማግሌው መተርጎም አላስፈለገኝም። መፍቻውን አውጥተው በእጄ ሰጡኝ። ከጆሯቸው ላይ ደግሞ እርሳስ አወረዱ። ከመፈታቱ በፊት የነበረበትን ቦታ ምልክት ላድርግበት ወይ አሉኝ። ተኳሾች እንዲህ ያደርጋሉ፤ አዲሱ ልክ ካልተስማማ ወደ ድሮው ለመመለስ ነው። ይህንንም ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«ማን ሊመለስበት?» አለች። በቁጣ አይደለም። የእውነት ጥያቄ ነበር።

ሽማግሌው እርሳሱን ወደ ጆሯቸው መለሱት።

ብሎኑ ጠንክሮ ነበር። ወንድሜ እንደሆነ ሲያጠብቅ አጥብቆ ነው። ሁለት እጄን ተጠቀምኩ። ሲለቅ ትንሽ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ። ሰደፉ ገባ፣ የጉንጩ እንጨት ወረደ። ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ትንሽ አዞርኩ፣ እንደገና ተኛሁ። ሽማግሌው አልነኩትም፤ ዓይናቸውን አንገቴ ላይ አድርገው ጭንቅላታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። እናቴ ከላዬ ቆማ ትከሻህን ዝቅ አድርግ ትለኛለች፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉንጬን አሳረፍኩ። ገለጥኩት።

እዚያው ነበር። አንገቴን አላወጣሁም።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን ነው። ከዚያ ባንዲራውን። ድንቅ ተኮስኩ ልል አልችልም። ነፋሱን ሁለቴ ሳትኩት፣ በግራ በኩል ወጣሁ። ከተወዳዳሪው ሁሉ ከታች በኩል ነበር የጨረስኩት። ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሴ ወረቀት ላይ ነበር፣ ቀዳዳዎቹም የአንድ ሰው ይመስላሉ። ዙሩ ሲያልቅ ቶሎ አልተነሳሁም። ፊቴን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ ትንሽ ቆየሁ። ጎኔ የነበረችው ሴትዮ ጠመንጃዋን እያጸዳች ወደ እኔ አላየችም። አውቃ ይመስለኛል።

ስንመለስ ሽማግሌው ይነዳሉ፣ እናቴ ባዶ ትሪዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ታኮማ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ሽማግሌው በመስታወቱ አዩኝና፣ ሶ፣ ሳጥኑ ፒክአፑ ላይ ይቅር ወይስ ይውረድ አሉ። በስምምነታችን መሠረት መጠየቅ ነበረባቸው። ለእናቴ ልተረጉምላት ስል ቀደመችኝ።

«ኖ» አለቻቸው። «ሂዝ።» የእሱ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ከቁም ሣጥኔ ግን ታወጣልኛለህ። ነጠላዬን ሁሉ ዘይት ዘይት አሸተተብኝ። ወደ አንተ ክፍል ግባ በለው።»

እሺ አልኳት።

ትንሽ ከሄድን በኋላ የሚቀጥለው ውድድር መቼ ነው አለችኝ። ሽማግሌውን ጠይቄ ቅዳሜ መሆኑን ነገርኳት።

«ቅዳሜ ሥራ አለብኝ። ዛሬም ሰው ተክቼ ነው የመጣሁት» አለች። «እሁድ እንዲያደርጉት ንገራቸው።»

ነገርኳቸው።